እህቴን ላመጣ ኮሎራዶ የሄድኩ ጊዜ

ከአሜሪካ ከተመለስኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ደብረ ብርሃን ውስጥ የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ መንገድ ላይ ያስቆመኝና «እንዴት ነው አገሩ?» ይለኛል። ቆሜ ላውራ ብል ብርዱ አያስቆም፤ አንዱን ነገር ለሃያ ሰው መድገምም ሰለቸኝ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። ሠላሳ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማርኩ ጡረተኛ ነኝ። በካርታ ያልዞርኩት አገር የለም፤ በእግሬ ግን ከሞያሌ አልፌ አላውቅም ነበር።

የሄድኩት ለሽርሽር አይደለም። ታላቅ እህቴን፣ እትዬ አስካለን፣ ላመጣት ነው። እትዬ ኮሎራዶ በምትባለው ግዛት፣ ከዴንቨር ጎን ባለችው ኦሮራ ከተማ ሠላሳ ዓመት ኖራለች። ከሁለት ዓመት ወዲህ በስልክ ስናወራ ሳል ያቋርጣት ጀመር። «ሳንባዬ ትንሽ ደክሟል» አለችን። እኛ ወንድምና እህቶቿ ተሰበሰብንና ወሰንን፤ በቃ አገሯ ትግባ፣ ንጹህ የደጋ አየር እየሳበች ትረፍ። በእኔ ግቢ ውስጥ የጠዋት ፀሐይ የሚገባበት አንድ ክፍል ሠራንላት። ከእኔ መመለሻ ጋር የእሷንም ትኬት ቆረጥን። እሷ ይህን ሁሉ ስንነግራት «እሺ፣ አንተ ብቻ ና» ነው ያለችው።

አንደኛው ቀን

ከቦሌ ተነስቼ ጀርመን ላይ አውሮፕላን ቀየርኩ። ስንት ሰዓት እንደተቀመጥኩ ጉልበቴ ነው የሚያውቀው። ዴንቨር ስደርስ ጉምሩክ ላይ ሻንጣዬን ከፈቱት። ለእትዬ የመንዝ ባና ይዤላት ነበር። ፈታሹ ባናውን ዘርግቶ አየው፣ አሸተተው፣ ባልደረባውን ጠራ፣ እሱም አሸተተው። «ምንድን ነው?» ቢሉኝ «ብርድ ልብስ» አልኳቸው። እርስ በርስ ተያይተው አጣጥፈው መለሱልኝ፤ አስተጣጠፋቸው ከእኔ ይሻል ነበር።

ሔለን፣ የእትዬ ልጅ፣ በር ላይ ትጠብቀኛለች። እዚያው ተወልዳ ያደገች የሃያ ስምንት ዓመት ወጣት ናት። «አጎቴ፣ መኪናውን ሩቅ ነው ፓርክ ያደረግኩት፣ እዚህ ይጠብቁኝ፣ መጥቼ ፒክ አደርግዎታለሁ» ብላኝ ሮጠች።

ከኤርፖርቱ ግቢ ስንወጣ ክው ብዬ ቀረሁ። መንገዱ ዳር የሦስት ፎቅ ቤት የሚያህል ሰማያዊ ፈረስ በኋላ እግሮቹ ቆሟል። ዓይኖቹ እንደ ፍም ቀልተው ያበራሉ። አማተብኩ።

«አይዞዎት፣ ስታቹ ነው» አለች ሔለን። «የሠራው ሰውዬ ላይ አንዱ ፓርቱ ወድቆበት ነው የሞተው።»

«ሰው ገድሎ ነው የቆመው? አላፈረሱትም?»

«ኖ! ፌመስ ነው እኮ!»

እኛ አገር ሰው የገደለ ነገር እንግዳ መቀበያ በር ላይ አይቆምም። ዞር ብዬ ሳየው አሁንም ያፈጥብኛል።

ሁለተኛው ድንጋጤዬ ሜዳው ነው። ኮሎራዶ ሲባል ተራራ ላይ የተንጠለጠለች ከተማ ነበር በሐሳቤ የሳልኩት። አገሩ ግን ዓይን እስኪደክም ሜዳ ነው። ተራሮቹ ርቀው በምዕራብ በኩል በረዷቸውን ተሸክመው ተሰልፈዋል። «እዚህ መንገድ ከጠፋብዎት ማውንቴኑን ይፈልጉ፣ እሱ ያለበት ዌስት ነው» አለችኝ። እንዲህ ያለ ኮምፓስ ለተማሪዎቼ ቢኖረኝ ስንት ጠመኔ በቆጠብኩ!

የእትዬ አፓርታማ ምድር ቤት ነው። በሩ ሲከፈት አፍንጫዋ ላይ ቀጭን ቱቦ ተሰክቶ አየሁ። ቱቦው ወለሉን አቋርጦ ጥግ ላይ እንደ ወፍጮ የሚያጉረመርም የኦክስጅን መሣሪያ ውስጥ ይገባል። ክብደቷ ግማሽ ሆኗል። አቅፌያት ስስማት የትከሻዋ አጥንት እጄ ላይ ቀረ።

«ምነው ደነገጥክ?» አለችኝ እየሳቀች፣ እየሳለችም። «ቱቦው ኩሽና ድረስ ይወስደኛል፣ መታጠቢያ ቤት ድረስ ይወስደኛል። ከዚያ ወዲያ ምን ጉዳይ አለኝ?»

«ትንሽ ሳል ነው አላልሽኝም?»

«ታዲያ ትልቅ ነው ልበልህ? ግባ፣ ምሳ ቀዝቅዟል።»

የዚያን ዕለት ለራሴ ማልኩ። ከዚህ መሣሪያ አላቅቄ አገሯ ነው የማስገባት!

ሁለተኛው ቀን

ትናንት በሸሚዝ የገባሁበት ከተማ ሲነጋ በረዶ ለብሷል። ያውም በግንቦት! እኔ የውርጭ አገር ሰው ነኝ፣ ብርድ አያስፈራኝም፤ ግን ማታ ሙቀት፣ ጠዋት እስከ ቁርጭምጭሚት በረዶ የሚያመጣ ሰማይ አይቼ አላውቅም። ለበረዶ የሚሆን ጫማ አልያዝኩም። እትዬ የፌስታል ከረጢት ካልሲዬ ላይ አስራ ጫማዬን አስጠለቀችኝ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ወጥታ በረዶው ሁሉ ውሃ ሆኖ ሄደ። እኔ በፌስታሌ ቀረሁ።

ከእትዬ ጓደኞች የቀረበው አቶ ተስፋይ ነው። አስመራ ተወልዶ በአማርኛ የተማረ፣ ታክሲ ሲነዳ ኖሮ ያረጀ፣ አሁን ሞንትቤሎ በሚባለው ሰፈር ቤት ያለው ኤርትራዊ ነው። እትዬን ሐኪም ቤት ማድረስ ሲያስፈልግ ሔለን ሥራ ላይ ከሆነች የሚመጣው እሱ ነው። ያን ዕለት ዝግኒ፣ እኛ ወጥ የምንለውን፣ በሳህን ይዞ መጣ።

«መምህር፣ ውሃ ጠጣ» አለኝ ገና ሰላምታ ሳንጨርስ።

ሁሉም ሰው ውሃ ጠጣ ነው የሚለኝ። ሔለን ውሃ፣ የሱቁ ልጅ ውሃ፣ የአፓርታማው ጥበቃ ውሃ። ለምን ስላቸው «ከፍታ ነው፣ አየሩ ስስ ነው፣ እንግዳ ራሱን ያመዋል» ይሉኛል። እኔ ሳቅሁ። ስንት ነው ከፍታችሁ? «አንድ ማይል!» ይላሉ በኩራት። አንድ ማይል ማለት አንድ ሺህ ስድስት መቶ ሜትር ነው። ለእኔ ቆላ ነው!

ሦስተኛው ቀን

አቶ ተስፋይ የግዛቲቱን ምክር ቤት ሊያሳየኝ ወሰደኝ። እትዬም እንደ ቦርሳ የሚንጠለጠለውን ትንሿን መሣሪያ ይዛ አብራን ወጣች፤ ከመኪናው ግን አልወረደችም። የሕንፃው ጉልላት በወርቅ ተለብጧል፣ በእውነተኛ ወርቅ! ከተማዋን የፈጠራት ወርቅ ፍለጋ የመጣ ሰው ነው አሉኝ።

እኔን ያስደነቀኝ ግን ደረጃው ነው። አንዱ ደረጃ ላይ «ከባሕር ወለል በላይ አንድ ማይል» ተብሎ ተቀርጿል። ከበላዩ ሌላ ምልክት አለ። ከበታቹ ደግሞ ሌላ። አቶ ተስፋይ እንደነገረኝ በየዘመኑ እንደገና ሲለኩ ልኬቱ ይለያያል፤ የፊተኛውን ግን አላጠፉትም። ስሕተታቸውን በነሐስና በድንጋይ አኑረውታል። እኔ የተማሪ ደብተር ላይ የተሳሳተ ከፍታ ሳይ በቀይ እስክሪብቶ ነበር የምሰርዘው።

አንድ ማይሉ ላይ ቆሜ ፎቶ ስነሳ አንድ ጥንድ አሜሪካውያን ሽማግሌዎች እያለከለኩ ደረጃውን ሲወጡ አየሁ። አላስቻለኝም።

«አቶ ተስፋይ፣ ደብረ ብርሃን ሁለት ሺህ ስምንት መቶ አርባ ሜትር ነው! ከእኛ ሆነን ብናይ እነዚህ ጉድጓድ ውስጥ ናቸው!»

«አስመራስ?» አለ እሱም ደረቱን ነፍቶ። «ሁለት ሺህ ሦስት መቶ! ሠላሳ ዓመት ማይል ሃይ ሲቲ፣ አንድ ማይል ከፍ ያለች ከተማ፣ እያሉ ሲያሞኙን!»

ሁለታችንም ከደረጃው ላይ ሆነን ወደ እትዬ ጮኽን፤ አንቺም ከእነሱ በላይ ነሽ፣ የደጋ ልጅ! እትዬ በመኪናው መስኮት አየችን። እጇን አነሳች እንጂ አልሳቀችም። ደክሟት ነው ብዬ አለፍኩት።

አራተኛው ቀን

አቶ ተስፋይ ቤቱ ምሳ ጋበዘኝ። ከጣሪያው ውሃ መውረጃ ሥር ሁለት በርሜሎች አየሁ። ጥሩ አድርገሃል፣ ሦስተኛ ግን ጨምር፣ ጣሪያህ ሰፊ ነው አልኩት።

«ሦስተኛ ባስቀምጥ ሕገ ወጥ ነኝ» አለኝ።

የሚቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። አይቀልድም። በኮሎራዶ ከራስህ ጣሪያ የወረደ ዝናብ በሙሉ ያንተ አይደለም። ለአንድ ቤት የተፈቀደው ሁለት በርሜል ነው፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት ደግሞ አንድም አይፈቀድም ነበር። የወንዙን ውሃ ቀድሞ በስሙ ያስያዘ ገበሬ ታች አለ፤ ዝናቡ ወደ እሱ መሄድ አለበት።

«ከሰማይ የወረደውን? እግዜር ለእኔ ጣሪያ የሰጠውን?»

«ይህን ለዳኛው ንገረው።»

ተናደድኩ፣ ትንሽ ቆይቼ ግን ገባኝ። ከኮሎራዶ ትልልቅ ወንዞች ተነስተው ወደ ሌሎች ግዛቶች ይወጣሉ፤ ወደ እሷ የሚገባላት ግን የለም። ልክ እንደ እኛ ናት። ስለ ውሃ እንዲህ የሚጨቃጨቅ ሕዝብ ሳገኝ የአገሬ ሰው ያገኘሁ መሰለኝ።

ከምሳ በኋላ ከቤቱ ብዙም ሳንርቅ ሰፊ የሣር ሜዳ ላይ ጎሾች ሲግጡ አሳየኝ። ጎሽ ብዬ የጠራሁት እነሱ ባይሰን የሚሉትን ነው፤ ጎፈሩ የአንበሳ፣ ግንባሩ የግድግዳ ያህል ነው። ደስ ብሎኝ ሳላበቃ ያ ሜዳ በዓለም ጦርነት ጊዜ የመርዝ ጋዝ ይሠራበት የነበረ ቦታ መሆኑን ነገረኝ። የመርዝ ጋዝን እኛ በአያቶቻችን ጀርባ ጠባሳ ነው የምናውቀው። መሬቱን አጽድተው ለአራዊት ሰጡት። ማመስገን ይሁን መቆጣት የሚገባኝ እስካሁን አልለየልኝም።

አምስተኛው ቀን

እሑድ ነበር። ሔለንና አቶ ተስፋይ ተራራውን ሊያሳዩኝ ይዘውኝ ወጡ። እትዬ «ከፍታ አይስማማኝም» ብላ ቀረች። የደጋ ልጅ ከፍታ አይስማማኝም አለች ብዬ ቀለድኩባት። እሷ የውሃ ጠርሙስ አቀበለችኝ።

በመንገዳችን አቶ ተስፋይ አንድ በረዶ የለበሰ ጫፍ አመለከተኝ። ሰማያዊ ሰማይ ነው ስሙ አለኝ። ስሙ የወጣለት በቅርብ ነው። ቀድሞ በአንድ አገረ ገዥ ስም ይጠራ ነበር። በእሱ ዘመን፣ በምሥራቁ ሜዳ በሰላም የሰፈሩትን የነባር ሕዝብ ቤተሰቦች ወታደሮች ጎሕ ሲቀድ ደርሰው ፈጇቸው። ከሞቱት የሚበዙት ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ነበሩ። ሔለን ይህን ትምህርት ቤት ተምራዋለች፤ «ሳንድ ክሪክ ይባላል ቦታው» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ።

የተራራው መሻገሪያ ላይ ደረስን። ከፍታው ሦስት ሺህ ስድስት መቶ ሜትር አልፏል፤ በግንቦት የበረዶ ግድግዳ መንገዱን ግራና ቀኝ ይዞታል። እዚህ ጋ የአህጉሩ ውሃ ይከፈላል፤ ወዲህ የወረደው አትላንቲክ፣ ወዲያ የወረደው ፓሲፊክ ይገባል። ሠላሳ አንድ ዓመት በጠመኔ ያሰመርኩት መስመር ላይ በእግሬ ቆምኩ! የላስቲክ ጠርሙሴን ከፍቼ ግማሹን ወዲህ፣ ግማሹን ወዲያ አፈሰስኩ። ጠጣ የተባልኩትን ውሃ ሁሉ ለሁለት ውቅያኖስ አካፈልኩት።

ሔለን ራሷን አመማት። አቶ ተስፋይ መኪና ውስጥ ተቀምጦ ከንፈሩ አመድ መስሏል። እኔ ምንም አልሆንኩም፤ በበረዶው ላይ እየተመላለስኩ ስቄባቸዋለሁ። ሳንባ ማለት የደብረ ብርሃን ሳንባ ነው፣ እትዬንም አንድ ወር ስጡኝ፣ እንዲህ ነው የማደርጋት አልኳቸው። ይህን ስጽፍ እጄ ያፍራል።

ስድስተኛው ቀን

አውሮፕላን ላይ ኦክስጅን ይዞ ለመሳፈር ሐኪም የሚሞላው ቅጽ አለ። እሱን ልናስሞላ ሦስታችን ክሊኒክ ሄድን። ሐኪሟ ፊቷ ፈገግታ ያልተለየው ሴት ናት፤ ወንበር ራሷ ስባ አስቀመጠችኝ። ሔለን እያስተረጎመች ሐኪሟ ቅጹን መሙላት ጀመረች። ስም፣ ዕድሜ፣ የበረራው ርዝመት። ከዚያ እትዬ የምትሄድበት ቦታ ከፍታው ስንት ነው ብላ ጠየቀች።

«እኔ አላውቅም» አለች ሔለን፤ «አጎቴ ግን ያውቃሉ፣ የጂኦግራፊ ቲቸር ናቸው።»

እኔም እንደ ጎበዝ ተማሪ ቀና ብዬ በእንግሊዝኛዬ መለስኩ። ሁለት ሺህ ስምንት መቶ አርባ ሜትር!

ሐኪሟ ድገመው አለችኝ። ደገምኩት። በስልኳ ወደ ራሳቸው ልኬት ቀየረችውና እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ያየችው እኔን አይደለም፤ እትዬን ነው። እትዬ ወለሉን ታያለች።

ሐኪሟ ረጅም ነገር ተናገረች። ሔለን አስተረጎመችልኝ።

«አጎቴ… ዴንቨርም ለእሷ ሃይ ነው ትላለች። ኦክስጅኑ የሚያንሳት ለዚያ ነው። ወደ ታች፣ ወደ ባሕር አካባቢ ሙቭ እንድታደርግ ቱ ይርስ ስነግራት ነበር ነው የምትለው። እዚያ እርስዎ ጋ… ኖ። አትችልም። ትሞታለች።»

ቀጥላም ወደ እናቷ ዞረች። «እማዬ፣ ቱ ይርስ? ለእኔ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሥራሽን ጥለሽ የት ትሄጃለሽ ብዬ ነዋ» አለች እትዬ ቀስ ብላ።

ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ይቀንሳል። ይህን ዐረፍተ ነገር ሠላሳ አንድ ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌዋለሁ፣ ለፈተና አውጥቼዋለሁ፣ ያልመለሰውን ልጅ ጥያለሁ። ደጋ ግን ለእኔ ከፍታ ሆኖ አያውቅም፤ ቤቴ ነው፤ ጤና ነው። ቆላ ነው ሰው የሚገድለው ተብለን ነው ያደግነው። እህቴን ከመታፈን አድናለሁ ብዬ ይበልጥ ወደምትታፈንበት ልወስዳት አሥራ ሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር መጣሁ፤ ቁጥሩንም በገዛ አፌ፣ በኩራት ተናገርኩ። ሐኪሟ ውሃ በብርጭቆ ሰጠችኝ። ጠጣሁት።

ሰባተኛው ቀን

ሔለን ሥራ አልገባችም። ከጠዋት ጀምሮ ኮምፒውተሯ ላይ በባሕር ዳር ከተሞች ሥራ ስትፈልግ ዋለች። አቶ ተስፋይ ወሬውን ሲሰማ ሳን ዲዬጎ ወዳለች እህቱ ደወለ። «ቤት እስኪያገኙ እኔ ጋ ይምጡ ብላለች፣ አለቀ» አለን። አመሰግናለሁ እንኳ እስክንል አልጠበቀም፣ እቃ መጠቅለያ ካርቶን ሊያመጣ ወጣ። መሄጃቸው ገና ሁለት ወር ይቀረው ነበር።

እኔና እትዬ ብቻችንን ቀረን። ሽንፈት አልዋጥልህ አለኝ። «እሺ፣ ሸዋ ሮቢት ቤት ልከራይልሽ» አልኳት። «ቆላ ነው፣ ከእኛ ጋ ሁለት ሰዓት አይሞላም።»

«መብራት ሲጠፋስ? ይህን መሣሪያ በምን አስነሳዋለሁ?»

ንዴቴ መጣ። ታውቂ ነበር አልኳት። ክፍሉን ስንሠራ፣ ትኬት ስንቆርጥ፣ እዚያ ደረጃ ላይ ቆሜ እንደ ዶሮ ስጮህ፣ እንደማትችይ ታውቂ ነበር። ለምን አልነገርሽኝም?

እትዬ ትንፋሿን ሰበሰበች።

«ብነግርህ ትመጣ ነበር?»

ልዋሽ አፌን ከፈትኩ። አልሆነልኝም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ና ስትለኝ ፈተና አለብኝ፣ ዝናብ ገባ፣ ቪዛው ችግር ነው ስል ኖሬያለሁ። ያየኋት አንድ ጊዜ፣ ለእናታችን ቀብር ስትመጣ ነው። ሳቋን ልሰማ፣ ቤቷን ልይ፣ ልጇን ልወቅ ብዬ አንድ ቀን ተነስቼ አላውቅም። የተነሳሁት የማነሳው ሸክም ስላገኘሁ ነው። መሄድ አትችልም ቢሉኝ ኖሮ እቤቴ ሆኜ በስልክ አዝንላት ነበር።

«አልመጣም ነበር» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች። አልተቆጣችም፤ ያን ጊዜ ብትቆጣኝ በወደድኩ። «ሰባት ቀን አየሁህ። በቃኝ።»

ስምንተኛው ቀን

የእሷን ትኬት ሔለን በስልክ ሰረዘችው። እትዬ ቁም ሣጥን የሚያህል ሻንጣ ስጦታ ሞልታ ሰጠችኝ፤ ለእያንዳንዱ የእህትና የወንድም ልጅ ስሙ ተጽፎበታል። ኤርፖርት እንዳትመጣ ለመንኳት፤ እሷ ግን ትንሿን መሣሪያ ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላ መኪናው ድረስ ወጣች። አሥር እርምጃ ነው። ሁለት ጊዜ አረፈች።

ጉንጮቼን በሁለት እጇ ይዛ ስታየኝ ቆየችና «ሁለተኛ ስትመጣ» አለችኝ፣ «ምንም ልትወስድ አትምጣ። ዝም ብለህ ና።»

መኪናው ተነሳ። ሔለን መንዳቷን ትታ እንዳታየኝ ወደ መስኮቱ ዞርኩ፣ ኤርፖርት እስክንደርስ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።